ስምንት ቱቦ፣ ሁለት አፍ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የለመደ ሰው፣ ኩዌት ከተማ የሹዌክ ኢንዱስትሪ ሰፈር ሲገባ እግሩ አይደናገርም። ጋራዥ ከጋራዥ ተደጋግፎ የቆመበት ሰፈር ነው፤ አንዱ ራዲያተር ያበጃል፣ ጎረቤቱ ወንበር ያለብሳል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስታወት ያጠቁራል። በካናዳ ድራይ ጎዳና ዙሪያ ባሉት አንዳንድ ሱቆች ግድግዳ ላይ ግን ሶማሌ ተራ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ዕቃ ተሰቅሎ ያገኛል። አራት አራት ሆነው የተጠማዘዙ፣ አንዱ በሌላው ሥር የሚሹለከለኩ፣ በመጨረሻም ተሰብስበው አንድ አፍ የሚሆኑ የአይዝጌ ብረት ቱቦዎች ናቸው። ሄደር ይባላሉ፤ የሞተሩን ጭስ ያወጣሉ። ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪና ላይ በሞተሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይገጠማል።

ከመኪና ክፍሎች ሁሉ የሠሪው እጅ ጎልቶ የሚነበብበት ይኸው ሄደር ነው ብዬ አምናለሁ። ፒስተኑን፣ ቫልቩንና ካምሻፍቱን ማሽን ይጨርሳቸዋል። ጥሩ ሄደር ግን ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ የብየዳ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ችቦውን በሌላው ቀጭኗን የመሙያ ሽቦ ይዞ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከተገጠመ በኋላ በሞተሩና በሻንሲው መካከል ይደበቃል፤ ባለቤቱ ራሱ ሊያየው ቢፈልግ መኪናውን ወደ ላይ ማንሳት አለበት። ማንም የማያየውን ነገር በጥንቃቄ የሠራ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ለማመስገን ደግሞ ሥራውን ከማስመሰያው መለየት ያስፈልጋል።

የኩዌት ጎዳና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የለመደ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በሼቭሮሌት ስም እዚህ የተሸጡት ሉሚና ኤስኤስና ካፕሪስ የአውስትራሊያው ሆልደን ሥራዎች ነበሩ፤ ሞተራቸውም ጄኔራል ሞተርስ በ1997 በኮርቬት ላይ ካስተዋወቀው ከኤልኤስ ቤተሰብ ነበር (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በእጅ ማርሽ የሚነዳው ካማሮ ኤስኤስ 6.2 ሊትሩን ኤልኤስ3 ይዞ በ426 የፈረስ ጉልበት መጣ። ካማሮ ከ2024 ሞዴል በኋላ መመረቱን አቁሟል። ስለዚህ ያለው ባለቤት ያለውን መኪና ይንከባከባል፣ ያሻሽላል። እኔም ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ምሳሌዬን ኤልኤስ3 አደርጋለሁ።

ከፋብሪካ በሄደር ፋንታ የሚመጣው ማኒፎልድ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ድምፅ ያፍናል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ አልንቀውም። ድክመቱ አራቱ ሲሊንደሮች ጭሳቸውን ጥቂት ርቀት ሳይሄድ ወደ አንድ ጠባብ ክፍል መልቀቃቸው ነው፤ አንዱ የለቀቀው ግፊት ሌላውን ይቃወማል። በረጅሙ ሄደር ግን የእያንዳንዱ ሲሊንደር ጭስ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ ሰማንያ ሴንቲሜትር ያህል ብቻውን ይጓዛል። የጭስ ቫልቩ ሲከፈት የሚነሳው የግፊት ማዕበል በዚያ ትኩስ ጋዝ ውስጥ በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ይፈተለካል፤ ቱቦው ወደ ሰፊው መሰብሰቢያ በሚከፈትበት ቦታ ሲደርስ ተገልብጦ እንደ መምጠጥ ኃይል ወደ ኋላ ይመለሳል። ደርሶ መልሱ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር አንድ ሙሉ ዙር 10 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጃል። እንግዲህ ያ መምጠጥ የጭሱ ቫልቭ ሊዘጋ፣ የአየሩ ቫልቭ ሊከፈት ሲል ከደረሰ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ ጋዝ ጎትቶ ያወጣና አዲሱን አየር ይጋብዛል። ቱቦው በጥቂት ሴንቲሜትር ሲረዝም ወይም ሲያጥር መምጠጡ የሚደርስበት ጊዜ ይለወጣል። ሠሪው በእጁ የሚይዘው ብረት ቢሆንም የሚቀርጸው ጊዜን ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ቱቦዎቹ ለምን እንደዚያ እንደተጠላለፉ ማየት ያስደስታል። የኤልኤስ ሞተር የማቀጣጠል ተራ 1-8-7-2-6-5-4-3 ነው። በሾፌሩ በኩል ከፊት ወደ ኋላ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ተደርድረዋል፤ ተራቸው ደግሞ 1፣ 7፣ 5፣ 3 ይሆናል። አራቱን ቱቦዎች በመሰብሰቢያው አፍ ዙሪያ እንደ አቀማመጣቸው በክብ ብናስገባቸው፣ የጭሱ ምት ራሱ ክቡን ተከትሎ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዞራል። በግራ በኩል ተፈጥሮ ረድታናለች ማለት ነው።

ፈተናው በቀኝ ነው። እዚያ ከፊት ወደ ኋላ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ናቸው፤ ተራቸው ግን 8፣ 2፣ 6፣ 4 ነው። እንደ አቀማመጣቸው በክብ ከገቡ ምቱ ከ2 ወደ 6፣ ከ4 ወደ 8 በማዕዘን ይዘላል። በተለይ 2 እና 6 እጅግ ተቀራርበው ነው የሚተኩሱት፤ ሌሎቹ በ180 ወይም በ270 ዲግሪ ርቀት ሲከታተሉ እነዚህ ሁለቱ በ90 ዲግሪ ብቻ ይከታተላሉ። ምቱ በክብ እንዲዞር ከተፈለገ መካከለኛዎቹ 4 እና 6 መሰብሰቢያው ላይ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። ለዚህም አንዱ ቱቦ በሌላው ሥር ማለፍ ይኖርበታል፤ ያውም ሞተሪኖውን ሳይነካ፣ ከካንዴላው ሽቦ ርቆ፣ ርዝመቱም ከጓደኞቹ ብዙ ሳይለይ። እዚያ የቀኝ ጎን ቋጠሮ ላይ ዓይኔ ሁልጊዜ ይቆያል። ይህ ብቻውን የሚጨምረው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ሠሪው ግን ለመታጠፍ የሚቀለውን መንገድ ትቶ የሞተሩን ተራ እንደተከተለ ይነግረኛል። (የአሜሪካ ስምንት ሲሊንደር ያን የሚንጎራጎር ድምፁን የሚያገኘውም በየጎኑ ካለው ከዚህ ያልተስተካከለ አከታተል ነው።)

አሁን ወደ ብየዳው። ሄደር ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚያየው የውጩን መስመር ነው፤ ሻጩም የሚያሳየው እሱን ነው። እኩል እኩል ሆኖ የተደረደረ፣ በጠርዙ ላይ ወርቃማና ሐምራዊ ቀለም የያዘ መስመር በእርግጥ ያምራል፤ የእጁን እርጋታም ይመሰክራል። ግራጫና ደብዛዛ ከሆነ በያጁ ሙቀት አብዝቷል ወይም መከላከያው ጋዝ አላዳረሰም። ይሁንና እውነተኛው ፈተና ውስጥ ነው። አይዝጌ ብረት ሲበየድ ከጀርባው ያለው አየር በአርጎን ጋዝ ካልተተካ፣ የቀለጠው ብረት ኦክስጅን ይጠጣና በቱቦው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ተቃጠለ ስኳር የጠቆረና የተኮማተረ ቅርፊት ይወጣል። ያ ቅርፊት የጋዙን መንገድ ያሻክራል፤ ከዚያም በላይ በቦታው ያለው ብረት ዝገት የመቋቋም ኃይሉን አጥቷል፣ ተሰባሪም ሆኗል። የሄደር ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ቦታ ይጀምራል።

ጥንቁቁ በያጅ የቱቦዎቹን አፎች ይደፍናል፣ በአንዱ ጫፍ አርጎን ያስገባል፣ አየሩ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱን የሚያበራው። ጊዜም ጋዝም ይፈጃል፤ ደንበኛውም በውጭ በኩል ልዩነቱን አያይም። እንዲህ የተሠራ ሄደር ውስጡን በባትሪ ቢያዩት፣ ብየዳው ያለፈበት ቦታ ለስላሳ፣ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ፣ ቀለሙም ብርማ ወይም ፈዛዛ ወርቅ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሙያ ፊርማ የለም።

አራቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታም እንዲሁ ይናገራል። በርካሹ ዕቃ ላይ አራት ክብ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መካከላቸው በጠፍጣፋ ብረት ይደፈናል፤ ጋዙ ከቱቦው ወጥቶ ድንገት ባዶ ሰፊ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። በጥሩው ላይ እያንዳንዱ ቱቦ በማዕዘን ተቆርጦ ከጎረቤቱ ጋር ይገጣጠማል፣ አራቱ ግድግዳዎች በመካከል ተገናኝተው እንደ ሹል ጫፍ ይሆናሉ፣ መሰብሰቢያውም ቀስ እያለ ወደ 3 ኢንች ይጠብባል። ያንን ሹል ጫፍ ከሥር ሆኖ በባትሪ ማየት ያረካል። አራት የተለያዩ ቁርጦች በአንዲት ነጥብ ላይ ተገናኝተዋል፤ አንዱ እንኳ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ነጥቡ ይጠፋል።

ከሌላው ጫፍ ደግሞ ቴስታታው ላይ የሚቀመጠው ጠፍጣፋ ብረት፣ ፍላንጁ አለ። ውፍረቱ በጥሩ ሄደር ላይ 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብየዳ ብረትን ይጎትታል፤ አራት ቱቦዎች ሲበየዱበት ፍላንጁ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ጥሩ ሠሪ ከብየዳ በኋላ መልሶ በማሽን ያስተካክለዋል። ሌላው ነገር የኤልኤስ3 የጭስ መውጫ ክብ አለመሆኑ ነው፤ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። ትጉው ሠሪ የቱቦውን ጫፍ በዚያው ቅርጽ ያሰፋዋል፤ ሰነፉ ክብ ቱቦ ይለጥፍና ጋዙን ገና ከበሩ ጀምሮ ያደናቅፈዋል።

ስለ ብረቱ ዓይነት ረጅም ክርክር አለ፤ እኔ አሳጥረዋለሁ። ተራው ብረት በርካሽ ይገኛል፣ ይዝጋል። 409 የተባለው አይዝጌ ብረት 11 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፤ ማግኔት ይስበዋል፣ መልኩ ቶሎ ይጠፋል፣ ግን ይሠራል። 304 ደግሞ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ሙቀት የማስተላለፍ ኃይሉ የተራው ብረት ሲሦ ገደማ ስለሆነ ጋዙ ትኩስና ፈጣን እንደሆነ ይወጣል፤ ወደ ሞተሩ ክፍል የሚረጨው ሙቀትም ይቀንሳል። ሰሜን ምዕራብ ኩዌት ውስጥ ሚትሪባ በተባለ ቦታ ሐምሌ 2016 ላይ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅትም አረጋግጦታል። እንዲህ ባለ አገር የሞተር ክፍል ውስጥ የሚቀር እያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ ዋጋ አለው።

304 ግን ጠባይ አለው፤ ሲሞቅ ከተራው ብረት የበለጠ ይለጠጣል። ሰማንያ ሴንቲሜትር ቱቦ በ600 ዲግሪ ሲሞቅ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአንድ ጫፉ በውሃ ከሚቀዘቅዝ የአሉሚኒየም ቴስታታ ጋር ታስሯል፣ በሌላው ከከባድ ማርሚታ ጋር። ስምንቱ ሚሊ ሜትር የሚሄድበት ካጣ ብየዳውን ይሰነጥቃል። ብልሁ ሠሪ ስለዚህ ቱቦዎቹ መሰብሰቢያው ውስጥ ሳይበየዱ ገብተው እንዲንሸራተቱ ያደርጋል፣ ወይም በመታጠፊያዎቹ ላይ በቂ መተጣጠፊያ ይተዋል፣ ግድግዳውንም 1.65 ሚሊ ሜትር ያህል ያደርገዋል። በ1.2 ሚሊ ሜትር የሚሠራው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለኩዌት በጋ አልመርጠውም።

ቱቦው ላይ የሚጠቀለለውን የሙቀት መከላከያ ጨርቅ አልወደውም። ሙቀቱን ከብረቱ ጋር አፍኖ ይይዛል፣ በበጋው ማብቂያ ከባሕሩ የሚመጣውን ጨዋማ እርጥበትም ያጠራቅማል። ሙቀት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ውስጡንም ውጩንም የሴራሚክ ቅብ ያስቀባ። ካልሆነም ብረቱን እንዳለ መተው ነው፤ 304 ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ከቴስታታው አጠገብ ጀምሮ ነሐስማ ወርቅ ይለብሳል፣ ያም ቀለም ብቻውን ይበቃዋል።

ስለ መጠን ስናወራ ብዙ ወጣት በስፋት ይታለላል። ለኤልኤስ ሞተር የሚሸጡት ቱቦዎች ውጫዊ ስፋት 1¾፣ 1⅞ ወይም 2 ኢንች ነው። ከ1¾ ወደ 2 ሲኬድ የውስጡ መተላለፊያ በሲሦ ያህል ይጨምራል። ይህ በሩጫ መጨረሻ ላይ ይጠቅም ይሆናል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ጋዙ ይዘገይና መኪናው ይደክማል። አብዛኛው የኩዌት ካማሮ ደግሞ ውሎው በአምስተኛው ቀለበት መንገድና በገልፍ ጎዳና መጨናነቅ ውስጥ ነው። ሞተሩ ያልተነካ ወይም ካምሻፍቱ ብቻ የተለወጠ ኤልኤስ3 1⅞ ይበቃዋል። የአሮጌዋ ሉሚና 5.7 ሊትር 1¾ን ይመርጣል። 2 ኢንች ሱፐርቻርጀር ለገባበት ወይም ለሩጫ ብቻ ለተሠራ ሞተር ይቆይ። በትክክል የተመረጠ ሄደር የሞተሩ ኮምፒውተር አብሮ ሲስተካከል ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ የሚምል ሻጭ ካለ ጥርጣሬዬ ከፍ ይላል።

አገጣጠሙም የሥራው ክፍል ነው። ካንዴላ ለመቀየር ሄደሩን ማውረድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሠሪው ስለ መካኒኩ አላሰበም። ከመሪው ዘንግ ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ሞተሩ ሲወዛወዝ ይነካካል። ከሥር ብዙ የሚወርድ ከሆነ በሳልዋ፣ በጃብሪያና በሚሽሪፍ መኖሪያ ሰፈሮች ያሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች መሰብሰቢያውን ይልሱታል። ብሎኖቹ 8 ሚሊ ሜትር ቀጭን ናቸው፣ የሚገቡትም አሉሚኒየም ውስጥ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ የኋለኞቹ በተለይ በመሰበር ይታወቃሉ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ በመለኪያ መፍቻ ይጠበቁ። የካርቶን ጓርኒሲዮን ትቶ ተደራራቢውን የብረት ጓርኒሲዮን መጠቀም ነው። መኪናው ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን ዳግመኛ ማየት ግዴታ ነው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አውጥቶ መጣል እዚህም የተለመደ ነው። አልስማማበትም። ጋዝ በቀላሉ የሚያሳልፉ ኮንቨርተሮች አሉ፤ ሽታውንም ጩኸቱንም ይቀንሳሉ። ትራፊክ ፖሊስ በማርሚታ ድምፅ ሰፈር የሚረብሹ መኪናዎችን ይከታተላል፤ ቅጣቱን ያከበደው አዲስ የትራፊክ ሕግም ከኤፕሪል 22 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሙሉ ድምፁን መስማት የሚፈልግ ወደ ደቡብ፣ አሪፍጃን አካባቢ ወዳለው ኩዌት ሞተር ታውን ይውሰደው።

የትኛው ስም ይሻላል ለሚለኝ ሰው፣ እንደ ኩክስ ያሉ ነባር ቤቶች ለስማቸው የሚገባ ሥራ ይሠራሉ እላለሁ። ጆርጅ ኩክ በ1962 የጀመረው ይህ ቤት ዛሬ ስቴትስቪል፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ነው። ግን ስም ብቻውን አይበቃም፤ የታወቀ ሄደርን ቅርጽ በሙሉ የሚገለብጡ ርካሽ ዕቃዎች በየሱቁ አሉ። መታጠፊያዎቹ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ልዩነቱ ቱቦው ሲታጠፍ ውስጡ ድጋፍ ገብቶለት እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ፍላንጁ ከብየዳ በኋላ ተስተካክሎ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ አርጎኑ ከውስጥም ነበረ ወይስ ከውጭ ብቻ በሚለው ላይ ነው።

ሹዌክ ውስጥ በቦታው የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ፤ ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። የተዘጋጁ መታጠፊያዎችን በመጋዝ እየቆረጡ፣ መኪናው ላይ እየለኩ፣ በነጥብ ብየዳ እያያዙ አንዱን ቱቦ ከሌላው ጋር ያግባባሉ። ከዚያ አውርደው አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እያፈራረቁ ሙሉውን ይበይዳሉ፤ በአንድ ጎን ከቀጠሉ ሙቀቱ ዕቃውን ያጣምመዋልና። ለአሮጌ መኪና፣ ወይም ሞተሩ ከሌላ ለመጣ መኪና ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የእጅ ዋጋቸው ከተገለበጠው ዕቃ ቢበልጥ አትገረሙ፣ አትከራከሯቸውም።

ሄደር ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ባትሪና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በኪሳችሁ ያዙ። ፕላስቲኩ ይፈታላችሁ። መጀመሪያ ባትሪውን በመሰብሰቢያው አፍ አስገብታችሁ ሹሉን ጫፍና የብየዳውን ጀርባ እዩ፤ ቀጥሎ የቀኙን ጎን አንስታችሁ 4 እና 6 የት እንደገቡ በጣታችሁ ተከተሉ፤ በመጨረሻ ማስመሪያውን ፍላንጁ ላይ አጋድሙና ብርሃን በሥሩ ያልፍ እንደሆነ ተመልከቱ። ሻጩ አልፈታም ካለ ዕቃውን ግድግዳው ላይ ትታችሁ ወደ ጎረቤቱ ተሻገሩ፤ ሹዌክ ሱቅ አይጠፋም።